ጎመን በጤና ብለን



በጓሮው አትክልት መትከል የጀመረን ሰው ለመለየት ቤቱ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ጥፍሩን ማየት ይበቃል። እንዲህ ያለው ሰው ሠርግ ተጠርቶ ስለ ሙሽሮቹ ሳይሆን ስለ ቆስጣ ያወራል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በድንኳኑ ደጃፍ ያለውን አፈር በዓይኑ ይመዝናል። መንገድ ላይ የሚነዱ በጎች በጠጣቸውን ጥለው ሲያልፉ ካየ ደግሞ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ ከኪሱ ፌስታል ያወጣል። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማማት አይደለም። ሰዎቹ እኛው ነን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» ስንል አባወራውን፣ እማወራዋንና ሦስቱን ልጆች ማለታችን ነው። ከመካከላችን የትኛውን ሥራ ማን ሠራ፣ የትኛውንስ ጥፋት ማን አጠፋ ብላችሁ አትጠይቁን፤ እቤታችንም ገና አልተስማማንበትም።

ነገሩ የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መስጊዶች ተዘጉ፤ አትክልት ተራ እንኳ ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ገባ። በሚያዝያ አጋማሽ ረመዳን ሲመጣ ተራዊሕን ሳሎናችን ውስጥ ሰገድን። ሦስት ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ተዘግተው ሲውሉ የሚሆነውን ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ኮልፌ ካለው ቤታችን በስተጀርባ 4 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ነበረን። ባዶ ቢባልም አሮጌ ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና ለአንድ ቀን ይጠቅማል ተብሎ የተቀመጠ የማይጠቅም ዕቃ ሁሉ ተከምሮበት ነበር። ልጆቹን እዚያ አሰማራናቸው። በሁለተኛው ቀን እኛም ተከተልናቸው።

ሌላም ምክንያት ነበረን። የአዲስ አበባ ሰው ከሚመገበው ቅጠላ ቅጠል ጥቂት የማይባለው በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር የሚመረት ነው። እነዚህ ወንዞች የፋብሪካውንም፣ የጋራዡንም፣ የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ተመራማሪዎችም በዚያ ውሃ በሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ለጤና የሚያሰጉ ብረቶች ማግኘታቸውን በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ይህን ስናነብ «የራሳችንን ጎመን በራሳችን ውሃ!» አልን። ትልቋ ልጃችን «ጎመን በጤና» የሚለውን የአባቶች አነጋገር በቀይ ቀለም በጣውላ ላይ ጽፋ አጥሩ ላይ ቸነከረችው። ይህን ጣውላ እባካችሁ አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሳይብላላ አይቀርብም

የመጀመሪያው ስሕተታችን ጥድፊያ ነበር። የካሮት ዘር ገዝተን ፓኬቱን እንዳለ በአንድ መደብ ላይ በተንነው። አምስት ቀን ጠበቅን፤ ምንም የለም። በስምንተኛው ቀን መካከለኛው ልጃችን ዘሩ መኖሩን ለማረጋገጥ በማንኪያ ቆፈረው። በአሥረኛው ቀን ሌላ ፓኬት ገዝተን በላዩ ጨመርንበት። ለካ ካሮት ለመብቀል ሁለት ሳምንት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል! በመጨረሻ የሁለቱም ፓኬት ዘር አንድ ላይ በቅሎ እንደ በግ ፀጉር ተጨናነቀ። ማሳሳት እንደሚያስፈልግ ብናነብም አንዱን ነቅሎ አንዱን ማስቀረት አላስቻለንም፤ ሁሉም ልጆቻችን መሰሉን።

ከዚያም የፍጉ ነገር መጣ። ላም ካላቸው ሰዎች ትኩስ እበት በማዳበሪያ ከረጢት አሸክመን አምጥተን፣ ምግብ አይከለከልም በሚል ልግስና ለሁሉም አደልነው። የጎመኑ ችግኝ በአራተኛው ቀን ጠርዙ ተቃጥሎ አጎነበሰ። ካሮቱ ከሦስት ወር በኋላ ሲነቀል እኩሉ ሁለት እግር፣ አንዳንዱም ሦስት እግር አውጥቶ ተገኘ። ትንሿ ልጃችን ሱሪ የለበሰ ካሮት አለችው። ትኩስ ፍግና ጠጠር ያለበት አፈር የካሮትን ሥር እንደሚያሰነጣጥቀው ያስረዱን ከላይ ካለው ቤት የሚኖሩት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ተወልደው ያደጉት ስልጤ ነው፤ እንሰት በፍግ ሲያድግ እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። ችግኛችንን አይተው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣

«ልጆቼ፣ ፍግ እንደ ሊጥ ነው፤ ሳይብላላ አይቀርብም» አሉን።

«ስንት ቀን ይፈጅ ይሆን ሐጂ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቀን? ክረምቱን ያሳድሩታ!»

እንዳሉትም ጉድጓድ ቆፍረን እበቱን፣ የወጥ ቤቱን ልጣጭና የደረቀውን ቅጠል እየደራረብን አፈር አለበስነው። ከወራት በኋላ ስንከፍተው ሽታው የእበት ሳይሆን ዝናብ የመታው መሬት ሽታ ነበር። ከጓሮ ሥራ ደስታዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አለ ብለን አናምንም። እንግዳ ሲመጣ ከቡና በፊት ጉድጓዱን እስከ ማሳየት ደርሰናል። እንግዶቹ በትሕትና ያዩልናል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እሱም መላ አስፈለገው። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚንጠባጠብበት ጊዜ አለ። ልጆቹ ውዱእ የሚያደርጉበትን ቦታ ከመታጠቢያው ወደ ጓሮ አዛወርንና እያንዳንዱ ከፊቱ ሳፋ አስቀምጦ እንዲያደርግ ደነገግን። ሳሙና የሌለበት ንጹሕ ውሃ ስለሆነ በቀጥታ ለመደቡ ይሆናል። አምስት ሰው በቀን አምስት ጊዜ ሲታጠብ የሚጠራቀመው ውሃ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ልጆቹ ግን መደብ ተከፋፍለው ስለነበር መካከለኛው የራሱን ቃሪያ ለማጠጣት ሲል ውዱእ ሳይፈታ ደጋግሞ ሲያደርግ ተያዘ። ወራጅ ወንዝ ዳር ሆነን እንኳ ውሃ እንዳናባክን መታዘዛችንን ነግረነው አስቆምነው፤ ቃሪያው ግን ከሁሉ ቀድሞ አበበ።

ለዚያ ዓመት ዒድ አልፈጥር የደረሰልን ምርት አሥራ አንድ ቅጠል ሰላጣ ነበር። ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ደረሰንና በአሥራ አንደኛዋ ተከራከርን። ለሐጂ ተላከች።

የሰደቃ መዝገብ

በሐምሌ ግን ጓሯችን ጓሮ መሰለ። ክረምቱ ገብቶ ጎመኑ ሁለት መደብ፣ ቆስጣው አንድ መደብ ሞልቶ፣ ቅጠሉ የሰው ክንድ ያህል ሆነ። የዒድ አልአድሓ በዓል ሐምሌ 24 ቀን ነበርና ከአምስት ቀን በፊት አንድ ሙክት ገዝተን ከጓሮው ጥግ በችካል አሰርነው። ችካሉ ጠንካራ ነበር። አፈሩ ግን፣ ስንንከባከበው የከረምነው ያ የለሰለሰ አፈር፣ ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ ገንፎ ሆኖ አደረ።

ለፈጅር ስንነሣ ሙክቱ በቆስጣው መደብ መሐል ተኝቶ ያመሰኳል። ቆስጣ የሚባል ነገር አልቀረም። ሰላጣውን ከነሥሩ ነቅሎታል። ጎመኑን ከዳር ጀምሮ ሲመጣ ጠግቦ ነው የተወው። ችካሉ አንገቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል። ትልቋ ልጃችን አለቀሰች። አባወራው ምን እንዳለ አንጽፍም።

ሐጂ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። አዩ፤ ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያም ከአነስ (ረ.ዐ.) ተላልፎ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አስታወሱን። ሙስሊም የሆነ ሰው ዛፍ ቢተክል ወይም ዘር ቢዘራ፣ ከዚያም ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ነገሩን። «ስለዚህ ይህ በግ ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍላችሁ አደረ ማለት ነው» አሉ።

ቆስጣው ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። ጎመኑም አገገመ። መካከለኛው ልጃችን ግን የሐጂን ቃል እንደ ሒሳብ ያዘው። አንድ ደብተር አበጀና «የሰደቃ መዝገብ» ብሎ ጻፈበት፤ ከጓሮው የበላን ሁሉ በቀኑ መመዝገብ ጀመረ። በግ፣ አንድ። ወፍ፣ ብዛቱ ያልታወቀ። ቀንድ አውጣ የሚለው ላይ ሲደርስ እንስሳ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሥቶ ሐጂ ዘንድ ተኬደ። ይቆጠራል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ትል እንኳ በስሙ ሰፍሯል።

በዚያው ክረምት ቲማቲማችን አለቀ። አሥራ ስምንት እግር ተክለን አበባ እስኪይዝ ደረስን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እኛ ያለንበት ምዕራባዊው ክፍል ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። የነሐሴ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጣ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ታየ፤ በሳምንቱ የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ። ምች መታው ይሉታል። በሽታው ቲማቲምንና ድንችን በአንድነት የሚያጠቃ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች ፈጅቶ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በረሃብና በበሽታ እንዲያልቅ ያደረገው ይኸው ነው። አሥራ ስምንት እግር ቲማቲም ያጣነው እኛ ካዘንን እነዚያ ሰዎች እንዴት ሆነው ይሆን አልንና ነቅለን ጣልነው። በክረምት ቲማቲም ሞክረን አናውቅም ከዚያ በኋላ።

ጎመኑ ግን በዛ። ለራሳችን አልፎ ለጎረቤት ሆነ። በራችን ቀን ቀን ስለማይዘጋ የሰፈሩ ሰው ቢላውን ይዞ እየገባ ለዕለቱ የሚበቃውን ይቆርጣል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዋና ደንበኞች ነበሩ። ከሁሉ የምትደጋግመው ደግሞ የፊት ለፊት ጎረቤታችን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ስትገባ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማ ጎመን ብላለች» ትላለች፤ ቆርጣ ስትወጣ ደግሞ መካከለኛው ልጃችን እየተከተለ ስንት ቅጠል እንደሆነ ይቆጥራል። ሰው ከጓሮው ሰው ሲበላ የሚሰማውን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። ትንሽም እንኮራ ነበር፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንጽፋለን።

ስም የሌለው ጠርሙስ

በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ዝናቡ ሲጠፋ ክሽክሽ መጣ። ጎመን ተክላችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። አመድማ ዱቄት የተነፋበት ይመስል የቅጠሉ ጀርባ ይሸፈናል፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። በውሃ አጠብነው፤ በማግስቱ ተመለሰ። አመድ ነሰነስንበት፤ ተመለሰ። በመካከሉ ቀይ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ትናንሽ ጥንዚዛዎችና አዞ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ትሎች ቅጠሉ ላይ ሲርመሰመሱ አገኘን። ጠላት ናቸው ብለን በጣታችን ጨፈለቅናቸው። እነዚያ አዞ መሰል ትሎች የጥንዚዛዋ ልጆች እንደሆኑ፣ እናትም ልጅም ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ሲበሉልን እንደሚውሉ የተማርነው በኋላ ነው።

ሚያዝያ ደረሰ፤ ረመዳንም ገባ። ክሽክሹ አላበቃም። ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ ተስማምተን ትተነዋል) ገበያ ሄዶ የአይጥ መርዝና ናፍታሊን መሬት ላይ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ መድኃኒት ገዛ። መድኃኒቱ በውሃ መጠጫ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ ተቀድቶ ነበር። ስሙን ቢጠይቅ «የትል ነው፤ አንድ ክዳን ለአንድ ጀሪካን» ተባለ። ሌላ የጠየቀው የለም።

ማታ ረጨነው። ሲነጋ ክሽክሹ ሁሉ ሞቶ ረግፏል። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ጥንዚዛዎቹም መሬት ላይ ተገልብጠው ነበር፤ እነሱን አላየናቸውም። እርስ በርሳችን «ለጥቂት ቀን እንዳንበላ» ተባባልን። ለጎረቤት እንንገር ያለ አልነበረም። አጥሩ ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ አሁንም ያው «ጎመን በጤና» ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሁላችንም ወጥተን ከዐስር በኋላ ስንመለስ ከጎመኑ መደብ የፊተኛው ረድፍ ተቆርጧል። ቁርጡ የልጅቷ ነው፤ እሷ ከታች ጀምራ በሥርዓት ነው የምትቆርጠው። እናትየው ጫማ ሳታደርግ መንገዱን ተሻግራ ሮጠች። ሌሎቻችን ተከተልን። ጎረቤታችን ማድ ቤት ነበረች፤ ለአፍጥር ሳምቡሳ እየጠቀለለች። ድስቱ ከእሳት ወርዶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ጎመኑን አትብሉት፤ መድኃኒት ተረጭቶበታል!» አልናት።

እጇ ሊጡ ላይ እንዳለ ቆመ። ትልልቆቹ ሁሉ ጾመኞች ናቸው፤ ከድስቱ የቀመሰ አልነበረም። ሦስት ዓመት የሆነው ትንሹ ልጇ ግን በ9 ሰዓት ግድም በእንጀራ ተጠቅልሎ ተሰጥቶት በልቷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በቅደም ተከተል ማስታወስ ያቅተናል። ልጁን አቅፈን ጤና ጣቢያ ደረስን። ባለሙያው ልጁን አስተኝቶ ዓይኑን በባትሪ እያየ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ጠርሙሱን ሰጠነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብቸኛ ነገር የውሃው ስም ነው። «ዓይነቱን ካላወቅሁ መድኃኒቱን በምን ላመሳክረው?» አለን። አልተቆጣም፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥመዋል መሰለን። ከተባይ ማጥፊያዎች ብዙዎቹ ነርቭን የሚያጠቁ እንደሆኑ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ምራቅና እንባ እንደሚያበዙ፣ የዓይንን ብሌን እንደሚያጠቡ፣ እንደሚያስመልሱና ትንፋሽ እንደሚያሳጥሩ እየነገረን ልጁን በየደቂቃው ይመለከተው ነበር። ለዚህ ዓይነቱ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ግን ምልክት ሳይታይ በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ ተቀምጠን መጠበቅ ነበር።

መግሪብ እዚያው ደረሰ። ማንም ተምር አልያዘም። የጤና ጣቢያው ዘበኛ በጣሳ ውሃ አመጡልን፤ ጎረቤታችን ሁለት ጉንጭ ጠጥታ ጣሳውን ወደ እኛ ሳታይ አቀበለችን።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ ብስኩት ጠየቀ። አልሐምዱሊላህ! ባለሙያው የበላው ጥቂት መሆኑ፣ መታጠቡና መቀቀሉ እንደረዳው ነገረን፤ ማታውን ነቅታችሁ ጠብቁት ብሎ አሰናበተን። ያን ሌሊት በሁለቱም ቤት መብራት አልጠፋም።

በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ጎረቤታችን አስገባችን፤ አስቀመጠችን። ብዙ አልተናገረችም።

«ረጫችሁ፣ እሺ። ሰው ጎመኑን ያድናል። ግን የኔ በር ከናንተ በር አሥር እርምጃ አይሞላም» አለች።

መልስ አልነበረንም። እቤት ስንመለስ መካከለኛው ልጃችን ደብተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የትላንቱን ቀን ጽፎ ከሥሩ ባዶ ትቶታል። «ይሄስ ይጻፋል?» አለን። ትልቋ ልጃችን መልስ ሳትጠብቅ ወጥታ ጣውላውን ከአጥሩ ነቀለች።

የቀረውን ጎመን በሙሉ ነቅለን ቀበርነው፤ ወደ ብስባሹ ጉድጓድም ለበግም አልሰጠነውም። ጠርሙሱን ይዘን የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ ዘንድ ሄድን። እሳቸው እንዳስረዱን ተመዝግቦ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ሁሉ ማሸጊያው ላይ ስሙ፣ ለየትኛው ሰብል እንደሚሆን፣ መጠኑ፣ ከዚያም ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት ይጻፍበታል። ይህ መጠበቂያ ጊዜ እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰብሉ ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንታት ይለያያል። «ለጥቂት ቀን» ብለን የተባባልነው ከየት ያመጣነው ልክ እንደሆነ ሲጠይቁን አፈርን። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እንዳለና ያልተመዘገበውን መሸጥ ክልክል እንደሆነም ነገሩን። አሮጌ የወባ አጎበር አልብሰን ጎመኑን ከተባይ ብንጠብቀውስ ብለን ስንጠይቃቸው ደግሞ ጭራሽ ሳቁ። አጎበሩም እኮ በመድኃኒት የተነከረ ነው አሉን።

ያ መርዝ ሌላም ነገር አሳየን። አዲስ ጎመን ተክለን በሳምንታት ውስጥ ክሽክሹ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ፤ የሚበሉት ጥንዚዛዎች ግን አልተመለሱም። እነሱ እስኪራቡ ክረምቱ አለፈ። አሁን የምንሠራው ሥራ አሰልቺ ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጥን በጣት እንጨፈልቃለን። የበዛበትን ቅጠል ቆርጠን እንጥላለን። ጥቂት ሳሙና በውሃ በጥብጠን የቅጠሉን ጀርባ እናርሳለን፤ ሳሙና ክሽክሹን የሚገድለው ሲነካው ብቻ ስለሆነ ከላይ ከላይ ማርከፍከፍ አይረዳም። ከመደቡ ዳር ድምብላል ዘርተን ሳንቆርጥ እንዲያብብ እንተወዋለን፤ አበባው ተባይ የሚበሉትን ይስባል። እንዲያም ሆኖ ከቅጠሎቹ እኩሉ ወንፊት ነው። ገበያ ቢወጣ ማንም አይገዛውም።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። እናቷ ሰላምታ አላቋረጠችም፤ በዒዱም ሳሕን ተልኮልናል፣ ልከናልም። ቢላ ይዞ የሚገባ ግን ጠፋ። መዝገቡ ላይ ለብዙ ጊዜ የሰፈሩት ወፍና ቀንድ አውጣ ብቻ ናቸው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ክፍት በር ነው የተንኳኳው። ልጅቷ ናት፤ ቢላዋን ይዛለች፤ ትንሹ ወንድሟ ቀሚሷን ይዟል። ደጃፉ ላይ ቆማ፣

«እማ ዛሬ ይቆረጣል ወይ ጠይቂ ብላለች» አለች።

ይቆረጣል፤ ምንም አልተረጨበትም አልናት። ገባች፤ እንደ ልማዷ ከታች ጀመረች። መካከለኛው ልጃችን ደብተሩን ሊያመጣ ሮጠ። ትንሹ ልጅ አንዱን ቅጠል በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣና በቀዳዳው እያየን፣

«ይሄን ማን በላው?» አለ።

«ትል» አልነው።

«ትሉ አልታመመም?»

«አልታመመም» አልነው።